አንበሳ የሚጾምበት ግቢ

ስለዚያ ግቢ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ከአሁኑ ይቅርታ። ባሌ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ይለኛል። ይስማ። የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ እንደሆነ ስስ ነው፤ ብሎካችን ይህን ታሪክ ሳይወድ በግዱ ሰምቶታል።

ግቢው ከሰፈራችን ወጣ ብሎ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት የነበረ ሜዳ ላይ ነው። አንድ ሀብታም ሰው አጥሮት፣ በመሃሉ የጠጠር መንገድ አውጥቶ፣ በመኪናችሁ እየነዳችሁ አውሬ ተመልከቱ አለ። አውሬ የተባሉት ሁለት ሰጎኖች፣ ጥቂት ድኩላዎች፣ አንድ ቁጡ ከርከሮ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ በወፍራም ሽቦ የታጠረች አንዲት ሴት አንበሳ ነበሩ። ባሌ ከሳሪስ ኮዬ የሚሠራ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። እሁድ ከሰዓት ስለሚያርፍ እኔን፣ የስድስት ዓመቷን ልጃችንንና እናቱን ጭኖ ይወስደናል። በር ላይ ጥበቃው «መስኮት ዝጉ» ይላል። የእኛ ሚኒባስ የኋላ መስኮት ከተገዛ ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም። አማቴ ነጠላቸውን አጣጥፈው ይወትፉበትና «በሉ አሁን አንበሳውም ይምጣ» ይላሉ። ያኔ ደስ ይለን ነበር፤ አልዋሽም።

ልጄ ሰጎኑንም ድኩላውንም ከቁብ አትቆጥርም። የምትወደው አንበሳዋን ብቻ ነው። ሽቦው ጋ ስንደርስ አባቷ ሞተር ያጠፋል፤ እሷ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ የትምህርት ቤት ወሬዋን ሁሉ ትነግራታለች። አንዳንዴ አንበሳዋ ተነስታ ሽቦውን ተከትላ ትራመዳለች። ልጄ «ሰማችኝ» ትለናለች።

ሁዳዴ በገባ በአራተኛው ሳምንት ስንሄድ አንበሳዋ አልተነሳችም። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ የዳሌዋ አጥንት ቆዳዋን ገፍቶ ወጥቷል። ፊት ለፊቷ አንድ ሳፋ ተቀምጧል። ከመኪና መውረድ ክልክል ቢሆንም ወርጄ ሳፋው ውስጥ ምን እንዳለ አየሁ። ሽሮ ፍትፍት ነው። ሠራተኞቹ ከምሳቸው የተረፋቸውን ነው ለአንበሳ ያቀረቡት።

የሚቀልቧት ሰው ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ጾም ነው እኮ ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ሥጋ የሚያመጣልን ሰውዬ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱን ዘግቷል። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ሦስት ዶሮ ተገኝቶላት ነበር። አሁን ያለውን እንሰጣታለን፣ ትልሰዋለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ ነዋ።»

ለፋሲካ አንድ ወር ይቀረዋል። ይቺ ፍጡር በዚህ አኳኋን ፋሲካን እንደማታይ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቆሽቴ አረረ። ባለግቢውን ጥሩልኝ ብዬ ወጥሬ ያዝኩ። ሰውየው ከቢሮው ወጥቶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ።

«የክርስቲያን ሥጋ ቤት ቢዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው» አልኩት። «ሳሪስ ድረስ ሰው መላክ አቅቷችሁ ነው?»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔ ክርስቲያን ነኝ። የሌላ ሃይማኖት ሥጋ ግቢዬ አይገባም።»

«አንበሳዋስ መቼ ክርስትና ተነሳች?»

ባሌ ክርኔን ጎተተኝ። ሰውየው ግን አልጨረሰም። «በነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሟል፤ ምንም አልሆነ» አለኝ።

«እሱ ሦስት ቀን ነው። ይሄ ሃምሳ አምስት ቀን ነው» አልኩት። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ተመለሰ።

እኔም እኮ እጾማለሁ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ጾም ማለት ምግቡ እያለ፣ ፈቅዶ መተው ነው። ሽቦ ውስጥ ቆልፈውባት፣ በረሃብ እየገደሏት፣ ጾም ብለው ስም ያወጡለታል። ጉድ እኮ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሳሪስ ወረድኩ። እዚያ ሥጋ ቤት ያላቸው አንድ የስልጤ ሰው አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። ነጠላዬን ለብሼ ስገባ ሲያዩኝ «ቤት ተሳሳትሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ነገሩን ስነግራቸው ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። «አንበሳ ሃይማኖት እንዳለው ዛሬ ገና መስማቴ ነው» አሉና ሳንባና ሥጋ ያልተለየው አጥንት በባልዲ ሞሉልኝ። «ረቡዕና እሁድ እየመጣሽ ውሰጂ፣ አስቀምጥልሻለሁ። ሰው ከጠየቀሽ ለአንበሳ ነው በይ።»

ማን ያምነኛል? በሁዳዴ የሥጋ ባልዲ ይዤ ደረጃ ስወጣ ያየችኝ ጎረቤቴ ልትመክረኝ ቤቴ ድረስ መጣች። አማቴ ደግሞ ባልዲው ፍሪጅ እንዳይገባ ከለከሉ። «ከሽንብራው አጠገብ? እኔ በቁሜ እያለሁ?» አሉ። ባሌ ሚኒባሱን ይዞ እስኪመጣ ባልዲዬ ከነክዳኑ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። ብቻ ሽማግሌው በጓሮ በር፣ ባለግቢው ሳያይ ይቀበሉናል። መጀመሪያ ቀን አንበሳዋ ቀና ማለት አቅቷት ተጋድማ በላች። በሳምንቱ ተነስታ ተቀመጠች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚኒባሳችንን ድምፅ፣ ያንን ማርሽ ሲገባ የሚንኮሻኮሸውን፣ ከሩቅ ለይታ ሽቦው ጋ ቆማ ትጠብቀን ጀመር። ልጄ «አወቀችን» አለች። እኔም ኮራሁ፤ ኃጢአትም ከሆነ ይሁን።

በሆሳዕና ዋዜማ አማቴ አጠገቤ ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ዝም ብዬሻለሁ» አሉኝ። «ነገ ሆሳዕና ነው፣ ከዚያ ሕማማት ነው። በዚህ ሳምንት እንኳ ደም በእጅሽ አትያዢ። ሰው ምን ይላል?»

«እሷስ እማዬ?»

«ድናለች አላልሽም? ለአንድ ሳምንት ምን ትሆናለች?»

ጎረቤቴን የመለስኩ፣ ባለግቢውን አፍ ያስያዝኩ ሴትዮ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ። ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር ዘግይቶም ቢሆን ያዘኝ። ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሳምንቱን ሙሉ ስሰግድ፣ ይህ እጅ ትናንት ሳንባ ይዞ ነበር የሚለው ሐሳብ እንዳይረብሸኝ ፈለግሁ። ለሀጂ ደውዬ «እስከ ፋሲካ ይቆይልኝ» አልኳቸው። «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ልጄንም ፋሲካ ዕለት እንሄዳለን ብዬ አሳመንኳት።

ፋሲካ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ከቅርጫችን ትልቁን አጥንት፣ ሥጋውን ሳይነካ፣ ባሌ ለይቶላታል። ባልዲውን ያቀፉት አማቴ ናቸው፣ ያውም አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው። «እሷም እንግዲህ ትፈስክ» አሉ እየሳቁ።

ሽቦው ውስጥ ምንም የለም። ወለሉ በውሃ ታጥቧል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ፤ እንኳን አደረሳችሁ እንኳ አላሉንም።

«ዓርብ ዕለት ነው» አሉ። «ሳምንቱን ሙሉ ከሽቦው አልራቀችም። መኪና በሰማች ቁጥር ትነሳለች፤ እናንተ እንዳልሆናችሁ ስታይ መልሳ ትቀመጣለች። ከሐሙስ ጀምሮ መኪና ቢመጣም አልተነሳችም።»

ባለግቢው ቢሮው ውስጥ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ሌላ አስመጣለሁ፣ ልጅቷን አታስለቅሷት አለኝ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ የማላውቀውንም ጨመርኩበት። ነውር የለህም፣ አንተን ነበር ሽቦ ውስጥ ቆልፎ ሽሮ ማላስ አልኩት። በዚያን ቀን ባሌ ክርኔን አልጎተተም። ከአፌ የወጣውን አንዱንም እስከ ዛሬ አልመልስም።

ወደ ሚኒባሱ ስመለስ አማቴ ባልዲውን እንዳቀፉ ናቸው። ክዳኑ አልተከፈተም። ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ እንደለጠፈች ባዶውን ሽቦ ታያለች። ባሌ ሞተር አስነሳ፤ ማርሹ እንደ ልማዱ ተንኮሻኮሸ።

«እማዬ» አለች ልጄ። «እነሱ ሥጋ የለንም አሉ። ሀጂ ጋ ግን ነበረ። እኛ ለምን አልመጣንም?»

አማቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ባሌ መንገዱን ያያል። መልሱን ከእኔ ነው የምትጠብቀው።

«ጾም ነበር እኮ» አልኳት።