በማወቅም ባለማወቅም

ባህሩ እሑድ ጠዋት በኤግሊንተን ዌስት ባስ ውስጥ ቆሞ ነጠላውን እያስተካከለ ሳለ፣ በመስኮቱ በኩል እትዬ ጸዮንን አያቸው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፌርማታው ላይ ተቀምጠዋል። ባሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። በሩ ሊዘጋ ሲል ባህሩ ዘሎ ወረደ። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች የሚጠብቁት እሳቸውን ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

«እትዬ ጸዮን፣ ምነው? ፕሬሸርዎ ነው እንዴ?»

«ፕሬሸሬስ ከአንተ ይሻላል። ቁጭ በል። ስንቱን ባስ እንዳሳለፍኩ አትጠይቀኝ።»

ቁጭ አለ። ባህሩ ጨዋታ ይወዳል፤ ደግነቱ ከማውራቱ መስማቱ ይበልጣል። ለሽምግልና የሚጠሩትም ለዚሁ ነው።

እትዬ ጸዮን ዌስተን ውስጥ አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የሰው አዛውንት ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ወንድማቸው ኢሳያስ በቀይ ሽብር ጊዜ ቤታቸው ቆጥ ላይ ተደብቆ ነበር። ይህን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቀው የግቢያቸው ልጅ ዘውዴ ብቻ ነው። ዘውዴ አብዮት ጠባቂ ሆኖ ጠመንጃ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣ፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጣቱን ወደ ቆጡ ቀሰረ። ኢሳያስ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ስንት ዘመን አልፎ፣ ሰው በየአገሩ ተበትኖ፣ ያው ዘውዴ ቶሮንቶ ገባ። ይባስ ብሎ እሳቸው የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን መጣ። ንስሐ ገባ፣ ጾመ፣ ሰገደ፣ ቆረበ። እትዬ ጸዮን ግን ቂም ይዞ መቁረብ እንደማይቻል ተነገራቸው።

«አየኸው ፍርዱን?» አሉ አሁን፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ጣቱን የቀሰረው ይቆርባል፤ ወንድሟን ያጣችው ከኋላ ቆማ ታጨበጭባለች።»

«እርስዎም እንዲቆርቡ ብለን እኮ ነው ያስታረቅናችሁ።»

«መቼ ታረቅን?»

 ባለፈው ሳምንት ባህሩ ቤት ተሰብስበው፣ ዘውዴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተነሣና «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩሽን ሁሉ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ» አለ። እትዬ ጸዮን አፋቸውን ሳይከፍቱ ሽማግሌዎቹ «አሜን!» አሉ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የባህሩ ድምፅ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ፊት ተጨባብጠው ነገሩ ሊያልቅ ነው።

«ሁላችንም የምንለው እኮ ነው» አለ ባህሩ ቀስ ብሎ። «ሁሉንም ያጠቃልላል ብለን…»

«እሱ ነዋ! ሁሉንም ሲያጠቃልል ኢሳያስን የት ወሸቀው? ባለማወቅ የበደለኝንማ ምን ገዶኝ! እግሬን ቢረግጠኝ፣ ሰላምታ ቢነፍገኝ። ወደ ቆጡ የተቀሰረችው ጣት ግን ሳታውቅ ነው የተቀሰረችው?»

«ፈርቶም ይሆናል እትዬ። ባያሳይ እሱኑ ይገድሉት ነበር።»

«ፈርቼ ነው ይበለኛ! አምነዋለሁ። እኔስ አልፈራሁም? እሱ ያላለውን አንተ ምን ቤት ነህ የምትልለት?»

 እሳቸው ትንሽ በረድ አሉ።

«ሊዜሎተ የምትባል ጀርመናዊት አሮጊት ሳስታምም ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና። አገሯ ፍልስፍና አስተማሪ ነበረች፤ ገላዋን ሳጥባት ሌክቸር ትሰጠኛለች። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ፈላስፋቸው የሕዝቡን ጥፋት አራት ቦታ ለየ አለችኝ፤ ሁሉም ‹ዘመኑ ነው› እያለ እንዳይደበቅ። ወንጀሉን ፍርድ ቤት ያየዋል። የመንግሥትን ዕዳ አገሬው ይሸከማል። ሌላው ሞቶ አንተ መትረፍህን ለእግዚአብሔር ትተዋለህ። በገዛ እጅህ ያደረግከውን ግን፣ ታዘህም ቢሆን፣ ኅሊናህ ነው የሚዳኘው፤ የአንዱን ዳኛ ምሕረት ይዘህ ሌላው ዘንድ አትሄድም።»

«ከባድ ነው» አለ ባህሩ።

«እሷስ መቼ ቀለላት? አይሁድ ጎረቤቶቻቸው በተወሰዱ ማግስት የልብስ ስፌት መኪናቸው እነሊዜሎተ ቤት ገባ። እናቷ በዚያ መኪና ቀሚስ ሰፋችላት። ‹ቀሚሱ ያምር ነበር፣ ደስ ብሎኝ ለበስኩት› ትልና ታለቅሳለች። ሕፃን ነበረች እኮ! ማን ይጠይቃታል? ግን አፏን ሞልታ ስለ ቀሚሱ ተናገረች። ይሄ ዘውዴ ግን ‹ቆጥ› የምትል ቃል ከአፉ መውጣት አቃታት።»

«ቢናገርስ? ይቅር ይሉታል?»

እትዬ ጸዮን የቦርሳቸውን እጀታ ሲያፍተለትሉ ቆዩ።

«የራሴን እለው ይሆናል። እንጃ። የኢሳያስን ማን ውክልና ሰጠኝ?»

ሌላ ባስ መጣ። ባህሩ ተነሣ። ስለዚያ አሜን አንድ ነገር ሊላቸው ፈልጎ ነበር፤ አፉ ላይ የመጣለት ግን ያው «በማወቅም ባለማወቅም» ሆነና ዋጠው።

«አይመጡም እንግዲህ?»

«መጥቼ እጁን ልጨብጥ? ያቺው ጣት እኮ እዚያው እጁ ላይ ናት።»

በሩ ተከፈተ። ባህሩ አንድ እግሩን አስገብቶ ዞር አለ።

«ሕዝቡ ይጠብቃል። ምን ልበላቸው?»

እትዬ ጸዮን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«ለምን ቀረች ካሉህ፣ አውቃ ነው በላቸው።»