ባዶ እጅ የማይኬድበት ቤት

ስቶክሆልም ውስጥ ሰው ቤት ዘው አይባልም። እዚሁ አጠገቤ ሶልና የምትኖረው ልጄ እንኳ «ማማ፣ ሪንግ ፈሽት» ትለኛለች፤ ሳትመጪ በፊት ደውዪ ማለቷ ነው። እደውላለሁ፤ ሥራ ላይ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሃግሴትራ ሰፈር ያለው የቤቴ በር የሚንኳኳው የቧንቧ ሠራተኛ ሲመጣ ብቻ ነው። እሱም ጫማውን በላስቲክ ሸፍኖ ይገባና ሻይ ሳይቀምስ ይሄዳል። ብቸኝነቱ አንገፈገፈኝ።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ ከስሉሰን ወደብ በጀልባ ደሴት ላይ ወዳለ ሙዚየም ተሻገርኩ። ከስዊድን ከየገጠሩ ተነቅለው የመጡ አሮጌ የእንጨት ቤቶች የተተከሉበት ነው። እኔም ተነቅዬ የመጣሁ ነኝና ወደድኳቸው። ባሕሩ ዳር ካለችው የዓሣ አጥማጅ ጎጆ ደጃፍ ስደርስ አላስችል አለኝና «ቤቶች!» አልኩ። እንዲህ ብዬ ሰው ደጅ ከቆምኩ ስንት ዘመኔ!

«ግቢ፣ ግቢ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!» የሚል ድምፅ በስዊድንኛ መለሰልኝ። ቋንቋቸው አንቱታ አያውቅም። ሻሽ ያሰረች፣ የድሮ ቀሚስ የለበሰች ሴት ምድጃው አጠገብ ሱፍ ትፈትላለች። ቤቱ ቤቷ እንዳልሆነ፣ ጎብኚውን ሁሉ እንዲህ መቀበልም ሥራዋ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ወንበር ሳበችልኝ። እናቴ እንዝርቷን እንዴት ታሾር እንደነበር በእጄ ሳሳያት ከልቧ ሳቀች። ጀልባው እስኪደርስ አብረን ቆየን።

ስወጣ «ደግሞ ነዪ» አለችኝ።

«ሳልደውል?»

«ሳትደውዪ!»

ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ። በዚህ ከተማ የምሄድበት ቤት አገኘሁ።

በሳምንቱ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ያውም ደግሞ ነዪ ተብሎ። ትኩሱን በፎጣ ጠቅልዬ ጀልባው ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሽታው የሳባቸው ሰዎች ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። ይዩኛ! ሰው ልጠይቅ እየሄድኩ ነው። ከደጃፉ ስደርስ ካለፈው ይልቅ ጮክ ብዬ «ቤቶች!» አልኩ።

«ግቢ፣ ግቢ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!»

ሻሹ ያው ሻሽ፣ ቀሚሱም ያው ቀሚስ ነው። ሴትየዋ ግን ሌላ ናት።

በየተራ እንደሚሠሩ፣ የበፊቷም ዛሬ እንደሌለች ነገረችኝ። ዳቦውን ላቀብላት ስል ደነገጠች። ምግብ እዚህ ቤት አይገባም፣ ለአሮጌ ዕቃ አይበጅም አለች። ክፋት የለባትም። እንዲያውም ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ «መልእክት ላድርስልሽ፤ ማን መጣች ልበላት?» አለችኝ።

ስሜን ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የበፊቷ ያን ሁሉ ስንጫወት ስሜን አልጠየቀችኝም ነበር። ብትሰማውም የኔ መሆኑን በምን ታውቃለች?

«አንዲት ጎብኚ በያት» አልኩና ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።