ለወንድሜ ሆድ የታሰበው መረብ

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ድጉን፣ ያን ረጅም የወገብ ጨርቁን፣ አንዱን ጫፍ ከምሰሶው አስሮ ሆዱ ላይ እየዞረ ይጠመጥም ነበር። እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ከጎንደር ወደ መካነ ብርሃን የመጣሁት እሱን ይዤ ልመለስ ነው። ሰኞ ቀዶ ጥገና አለው።

«ነገ መንገደኛ ነህ። ዛሬ እንኳ ተቀመጥ» አልኩት።

«ጎረቤቶቼ የእኔን ገብስ ወቅተውልኝ የእነሱን ሳልወቃ ልሂድ? ወንፈል ተበልቶ አይኬድም።»

«ሐኪሙ ከባድ አታንሳ ብሎህ የለ?»

«በሬ መንዳት ከባድ ነው? ምነው አንተ፣ ከተማ ገብተህ ፈሪ ሆንክ!»

ባለፈው ክረምት አንጀቱ ተጠምዝዞበት ጎንደር በጥድፊያ ቀደዱት። የሞተውን ቆርጠው፣ የቀረውን ጫፍ በግራ ሆዱ በኩል አወጡለት። ከዚያ ወዲህ የሚጸዳዳው በዚያ ቀዳዳ፣ በላዩ በሚለጠፍ ከረጢት ነው። ይህንንስ ለመደው። ቆይቶ ግን ከቀዳዳው ጎን እብጠት ወጣ። ሲተኛ ይገባል፣ ሲያስል ይወጣል። ከረጢቱም አልለጠፍ እያለ ያፈስሳል። ሽታው ሰው ላይ እንዳይደርስ ብሎ ወንድሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ማስቀደስ ጀመረ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ከሰው ጋር ገብቶ መቆም።

ጎንደር ወስጄ ሳስመረምረው ሐኪሙ «ቡአ ነው» አለን። «በቀዳዳው ዙሪያ የሆድህ ግድግዳ ሳስቶ አንጀት እየሾለከ ነው። መልሰን አስገብተን መረብ እናነጥፋለን።» አሳየንም። ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ወንፊት ያለ።

ወንድሜ በጣቱ ዳሰሰው። «ዓሣ ልታጠምዱብኝ ነው?»

ሐኪሙ ሳቀ። ሥጋው በቀዳዳዎቹ መሀል እየበቀለ ይይዘዋል አለ።

«እንደ አጥር ሐረግ በለኛ። ሸጋ ነው። ምነው ታዲያ ያኔውኑ አላደረጋችሁልኝ?»

«ቡአው እንዳይመጣ አስቀድመን የምናደርግለት ሰው አለ። አንተ ግን የመጣኸው ሆድህ ተመርዞ ነው። ያኔ ነፍስህን ለማትረፍ ብቻ ነበር የታገልነው።»

ውጭ አግዳሚው ላይ ከጭልጋ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሕመማቸው እንደ ወንድሜ ነው። ቀጠሮ ስላልደረሳቸው እዚያው ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ዘመድ ቤት ተቀምጠው የሚቀር ሰው ይጠብቃሉ።

«አንተ ልጅ፣ ብትቀር እኔ እገባለሁ» ብለው ቀለዱበት።

«አያ፣ ሌላ ይፈልጉ። እኔስ አልቀርም!»

ሐሙስ ዕለት አውድማው ላይ በሬ ሲነዳ ዋለ። ሆዱን መታ መታ እያደረገ «ይኼ ድግ ከሐኪሙ መረብ ይበልጣል!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ማታ ጆንያው ሲጫን አንድ ሰው ጎደለ። ማንም አልጠየቀውም። ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሳ።

ራት አልበላም። «ድካም ነው» አለ። ዓርብ መነሳት አቃተው። ድጉን ስንፈታው እብጠቱ ጠንክሮ ጠቁሯል። ቢተኛም አልገባም። ከረጢቱ ባዶ ነው። ያስመልሰዋል። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስነው። አንጀቱ ታንቋል፣ እዚህ አይሆንም፣ ጎንደር አሉን። ማኪና የተገኘው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ደባርቅን እንዳለፍን ... እዚያ ነው። መለስነው። እሑድ ቀበርነው።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶት መቀመጥ አቃተኝ። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣሁ። ስልኬን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትሁ። ዞር ዞር አልሁ። እንደገና አወጣሁ። የሆስፒታሉ ነርስ አነሳች።

«ቀጠሮው እኮ ዛሬ ነው፤ የት ደረሳችሁ?»

«አይመጣም።»

«ምነው? ፈራ እንዴ?»

«አይደለም» አልሁ። ከድምፄ ገብቷታል።

«ቀሐ ያሉትን የጭልጋውን ሽማግሌ ጥሯቸው» አልሁ። «አሁኑኑ። በወንድሜ ተራ ይግቡ።»

«እሺ። እግዜር ያጽናህ።»

«እስኪገቡ ከባድ እንዳያነሱ። በድግ አስረውም ቢሆን፣ እንዳያነሱ ንገሪልኝ።»