ዓይን አውጣ

እናቴ የከሳችው በአንድ ክረምት ነው። ትበላለች፣ የእኔንም ድርሻ ጭምር ትበላለች፣ ቀሚሷ ግን በየሳምንቱ ይሰፋታል። በዚያ ብርድ ያልባታል። ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ሴት እጇ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም፤ መርፌው ሁለቴ ጣቷን በሳው። ቀጥሎ ዓይኖቿ ወደ ውጭ ፈጠጡ። አንዱ ጎረቤት ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው የባሏ ሐዘን ነው ይላል። ሐኪም ቤት ውሰዷት ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዘንኩላት ብል ውሸቴን ነው፤ አፈርኩባት። ትምህርት ቤት «የፈጣጣዋ ልጅ» ስለሚሉኝ፣ ገበያ አብረን ስንሄድ ሆን ብዬ ወደ ኋላ እቀር ነበር።

እሑድ እሑድ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፣ ልጆችም አንቀርም። አንድ እሑድ ሊቀመንበሩ ስለ አድኃሪያን ሲያወራ ቆየና ድንገት አቆመ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን ታፈጪብኛለሽ?»

እናቴ ተነሣች። «አላፈጠጥኩም ጓድ ሊቀመንበር። ዓይኔ ነው እንዲህ የሆነብኝ።»

«ዓይን አውጣ!»

አዳራሹ በሳቅ አወካ። እሷም አብራ ልትስቅ ሞከረች። እጇ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ላቡም በግንባሯ ይወርዳል፤ እሱ ይህንን ጠቆመና «ንጹሕ ሰው እንዲህ ያልበዋል?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ።

«በሽታ ነው ጓድ» አለች። «ስተኛ እንኳ አይከደንልኝም።»

«ተኝተሽም ታፈጫለሽ?» አለ፤ ደግሞ ተሳቀ። «ማን ይመሰክርልሻል?»

«ልጄ። አብራኝ ነው የምትተኛው፣ እሷን ጠይቋት።»

አውቅ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንተኛው በአንድ አልጋ ነው። የዓይኗ ቆብ ስለማይገጥም፣ ስትተኛ ጨርቅ በውሃ ነክራ ዓይኖቿ ላይ ታደርጋለች። ሲወድቅ መልሼ የማለብሳት እኔ ነኝ። አንዴ ብቻ «አይከደንም» ብል ምናልባት ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ከኋላዬ ግን የክፍሌ ልጆች ተደርድረዋል። ነገ ደግሞ «ዓይኗን ገልጣ የምትተኛው ሴትዮ ልጅ» ሊሉኝ ነው።

«ትጨፍናለች» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «እንደ ማንም ሰው ነው የምትተኛው።»

እናቴ አልተቆጣችም። ቁጭ አለች።

ዋሽታለች፣ አድኃሪ ናት ብለው ሦስት ሳምንት ቀበሌ አሰሯት። ምግብ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ጨርቋንም በምሳ ዕቃው ላይ ጠቅልዬ ወስጄ ነበር፤ ጠባቂው ወረቀት ይኖርበታል ብሎ ፈታታው፤ አይገባም ብሎም መለሰልኝ። የታሰረችበት ክፍል መሬቱ አፈር ነው፣ ነፋሱም በበሩ ሥር አቧራውን እያመጣ ይነፋባታል። ስትፈታ የግራ ዓይኗ ቀልቶ መግል ቋጥሮ ነበር። ወር ሳይሞላ ነጣ፤ በዚያ ዓይን ዳግመኛ አላየችም።

ሐኪም ቤት የሄድነው ያኔ ነው። ወጣቱ ሐኪም ምራቋን እንድትውጥ እያዘዘ አንገቷን በጣቶቹ ዳበሰ። አንገቷ ውስጥ ያለ ዕጢ ከልኩ በላይ ስለሚሠራ ነው አለ፤ ክሳቱም፣ ላቡም፣ መንቀጥቀጡም፣ የዓይኗ መፍጠጥም ከዚያው የመጣ ነው። ሊቀመንበሩ ወንጀል ብሎ የቆጠረባት ሁሉ አንድ በአንድ በሽታ ሆኖ ወጣ። ኪኒን አዘዘላት። የቀኙን ዓይን ማትረፍ ይቻላል አለና ወደ እኔ ዞረ።

«ስትተኛ ዓይኗ ይከደናል?»

እናቴ በቀራት ዓይን አየችኝ።

«አይከደንም» አልኩ።

«በደንብ ታውቃለች ዶክተር» አለች። «ያኔም ታውቅ ነበር።»

የዚያን ዕለት ማታ ጨርቋን ራሷ ነከረች። ለእኔ መሬት ላይ አነጠፈችልኝ።