የእሳት መጫሪያው ቀዳዳ

ሰሞኑን ልጄ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ቤት ላሳይሽ ብሎ ወስዶኝ ነበር። በሩን ሲከፍተው የአዲስ ዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እሱ ወጥ ቤቱንና ሳሎኑን እያዞረ ሲያሳየኝ የኔ ልብ ግን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፀሐይ ካጋለው አረንጓዴ የቆርቆሮ ቤታችን ገብቶ ተቀምጧል።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ አባቴ የመንገድ ሥራው ግሬደር ነጂ ስለነበር ቤት የሚሰጠን አሠሪው ነው። ቤት ይባል እንጂ በብሎን የተያያዘ ቆርቆሮ ነበር፤ መንገዱ ወደፊት በገፋ ቁጥር የሠራተኛው ካምፕ አብሮ ስለሚሄድ ይፈቱትና በካሚዮን ጭነው ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ መልሰው ይገጥሙታል። በጋ እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲወርድበት አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መደማመጥ አይቻልም፤ እናቴ ግን ከእህቶቿ ሁሉ ቆርቆሮ ቤት የገባች እሷ ብቻ ስለነበረች ትኮራበት ነበር።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰነው ከሾፌሩ ከአቶ ሰይድና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር ነው፤ የሞጣ ሰዎች ናቸው። እናቴ እሳት ልትጭር በጭቃው ስትመላለስ ያየው አባቴ አንድ ቀን ሁለቱን ግድግዳ በቆርቆሮ መቀስ ቀዶ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አበጀላቸው። ከዚያ ወዲያ የፈለገችው ቆርቆሮውን ታንኳኳለች፣ ያችኛዋ እጇን ትሰዳለች። ፍሙ፣ ጨው፣ እርሾ፣ የካምፑ ሐሜት፣ ከሥጋ በቀር በዚያ ቀዳዳ ያላለፈ ነገር አልነበረም።

ካምፑ ወደ ሞጣ ሊጠጋ ሲል ከአዲስ አበባ አዲስ ኃላፊ መጣ። ሥርዓት ወዳድ ነው፤ ሾፌሮች ከካምፑ በር አጠገብ፣ የማሽን ነጂዎች ከኋላ ይስፈሩ ብሎ አዘዘ። እናቴ በዚያ ጊዜ የመውለጃዋ ወር ነበር። ዘመድ በአጠገቧ የላትም፤ ከዚያ በፊት ታናሽ ወንድሜን ስትወልድም ያዋለዷት እትዬ ዘይነባ ናቸው። በቀላሉ የማታለቅሰው እናቴ ዕቃ ስትሸክፍ እንባዋ በዝምታ ሲወርድ አየሁ፣ እኔም ፈራሁ።

ቤቶቹን የሚገጥሙት አያ ታከለ የሚባሉ የቢቸና አናጺ ነበሩ። ኃላፊው ለጉዳይ ቢቸና ደርሶ ሲመለስ ሁለቱ ቤቶች እንደ ቀድሞው ተጣብቀው ቆመዋል። ተቆጣ፣ አሁኑኑ ፍቱ አለ። አያ ታከለ ከመሰላላቸው ሳይወርዱ መለሱለት።

«ጌታው፣ ትእዛዝ ንቄ አይደለም። ይህች ልጅ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ቀዳዳው ከቀዳዳው ካልገጠመ አራሷን ነፋስ ይመታብኛል።»

በቆርቆሮ ድፈነው ቢላቸው ትርፍ ቆርቆሮ የለም አሉ፤ ክምሩ ከኋላቸው ነበር። ኃላፊው አላምን ብሎ ወደ እኛ ቤት ገባና ጎንበስ ብሎ የቀዳዳውን ዙሪያ በጣቱ አንኳኳ። የእትዬ ዘይነባ እጅ የሽንብራ ቆሎ በጣሳ ይዞ በቀዳዳው ብቅ አለ።

«እንኪ፣ ሆድሽን ባዶ አታሳድሪው» አሉ፣ እናቴ መስላቸው።

ሰውዬው ጣሳውን ተቀበለ። ከዚያ ሳቀ፣ በሉ እንዳለ ይሁን አለና ቆሎውን እየቆረጠመ ወጣ። እህቴ ስትወለድ እትዬ ዘይነባ ከአጠገቧ ነበሩ።

ዛሬ ሁለቱም እናቶች የሉም፤ መኪናው ካምፑ በነበረበት ላይ ሳያዘግም ያልፋል። የልጄን ቤት ግድግዳ በጣቴ አንኳኳሁት፤ ብሎኬት ነው፣ ድምፅም አይሰጥ። ጎረቤቶችህ እነማን ናቸው ብዬ ብጠይቀው በሰላምታ ብቻ እንተዋወቃለን አለኝ። ምራቴ ደግሞ የመውለጃዋ ወር ነው።

ትናንት ሽንብራ ቆላሁና በሳህን ይዤ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ወጣት ሴት ሳህኑንም እኔንም እያየች ግራ ገባት፣ ቀጥላ ግን በሩን ወለል አድርጋ ይግቡ አለችኝ። ቤት ለእንቦሳ ብዬ ገባሁ።