ያለ ጥፋቱ የፈታሁት ፖምፓ

«ልጄ፣ ያቺን ከታንኩ ሥር ያለችውን የናፍጣ መዝጊያ ከፍተሃታል?» አሉኝ የትራክተሩ ባለቤት አዴ ጫልቱ ዛሬ ረፋድ ላይ። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግዬ ናፍጣ ገፊውን ፖምፓ ፈትቼ ጆንያ ላይ ዘርግቼዋለሁ።

አልከፈትኳትም። አላየኋትምም። አሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ነኝ!

ጠዋት ከሱሉልታ ጫንጮ የመጣሁት ትራክተራቸው አልነሳ ስላለ ነው። የስንዴ መውቂያውን የሚያሽከረክረው እሱ ነው። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ አገሩ ስለተናወጠ ሰዉ ሁሉ ሳይብስ እህሉን ቤቱ ለማስገባት ይሯሯጣል።

የእኔም ልብ እዚህ አልነበረም። ባለቤቴ በየደቂቃው ትደውላለች፦ «መንገድ ሊዘጋ ነው እየተባለ ነው፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት፣ ቶሎ ና!» እናም ሞተሩ ናፍጣ አላገኝ ሲል፣ ሌላ ሳላይ ፖምፓው ላይ ፈረድኩ።

መዝጊያዋን የዘጓት ራሳቸው አዴ ናቸው፤ በግርግሩ ናፍጣውን እንዳይቀዱባቸው ፈርተው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መካኒክ አይደለህ እንዴ?»

ወደ ጆንያው ተመለስኩ።

ፖምፓውን መልሼ ገጥሜ፣ መዝጊያዋን ከፍቼ፣ ከናፍጣ መስመሩ አየሩን አስወጥቼ ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ተነሳ። መውቂያውም ሠራ። መንገዱ ግን ተዘግቷል።

ልጄን ጎረቤታችን ከትምህርት ቤት ወስዳ ቤት አድርሳልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። እኔ እስካሁን ጫንጮ ነኝ፤ መቀመጥ አቅቶኝ የአዴን ግቢ ከዳር እስከ ዳር እለካለሁ። ያቺን ሁለት ሰዓት ባላባክናት ኖሮ ቤቴ ነበርኩ።

እናንተስ? ልባችሁ ሌላ ቦታ ሆኖ ዓይናችሁ ሥር ያለውን ያጣችሁበት ቀን የለም? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልፈር።