ለወንድሜ አፍ የሆነችው

የወንድሜ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም ከመቀሷ አይተናነስም። ወንድሜ ደህና እያለ እንኳ ንግግሩን ጨርሶ አያውቅም፤ እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትጨርሳለች። «ሹፌርነቴ አውቶቡሱ ላይ ነው፤ እቤት ስገባ ተሳፋሪ ነኝ» ይል ነበር።

ኋላ ሰውነት የሚያሽመደምድ በሽታ ያዘው፤ መጀመሪያ እጅ እግሩን፣ ቀጥሎ ምላሱን፣ በመጨረሻም ትንፋሹን ወሰደበት። አልጋው አጠገብ የመተንፈሻ ማሽን ተተከለ፤ ለመነጋገሪያ ዐይኑ ብቻ ቀረ። ሚስቱ የፊደል ገበታ ይዛ በጣቷ ስትሄድ፣ የፈለገው ፊደል ላይ ስትደርስ ይጨፍናል። ከእሷ በቀር በቅጡ የሚያነብለት የለም።

አንድ ቀን ሕሙማንን በየቤቱ የምትጎበኘው ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ከብዶዎት ከሆነ ይንገሩኝ። ይቁምልኝ ማለት ይችላሉ። መጀመሪያ የሚያስተኛ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ታፍነው አይሰቃዩም። ሐሳብዎን ቢለውጡም ማንም አይቆጣዎትም።»

ሚስቱ ጣቷን ገበታው ላይ ስታስኬድ ዐይኑ ደጋግሞ ተከደነ። የወንድሜ ሚስት ገበታውን ወደ ጎን አደረገችና «ደህና ነኝ ይላል» አለች።

«ይህን ሁሉ ጨፍኖ ደህና ነኝ ብቻ?» አልኳት። ደሜ ፈላ፤ የገዛ ወንድሜን ቃል እንዴት ትቀብርብኛለች!

ሲስተር ግን አልተቆጣችም። ወደ ሳሎን ይዛን ወጣችና «እትዬ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» አለቻት።

«ሞቱን በእኔ አፍ ላውጅ? ምን በወጣኝ! ዕድሜ ልኬን ከአፉ ስነጥቀው ኖሬ፣ ዛሬ ‹እሱ ነው ያለው› ብል ማን ያምነኛል? ‹ሰለቻት› ነው የሚሉኝ።»

አንጀቴን በላችው።

«እንግዲያው ገበታውን እኔ ልያዝ» አለች ሲስተር። «እርስዎ ሚስቱ ብቻ ይሁኑ።»

ተመልሰን ገባን። ሲስተር ደግ ናት፣ ግን አልቻለችበትም። እሱ ሲጨፍን ጣቷ አልፎ ይገኛል፤ እንደገና ከ«ሀ» ትጀምራለች። ወንድሜ ደከመ፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ስትነክስ ቆየችና አላስቻላትም።

«ወዲህ በይ! ገደልሽው እኮ!» ብላ ገበታውን ነጠቀቻት።

ያለችው የገባት ቆይቶ ነው፤ ማናችንም አልሳቅንም። ጣቷን ከ«ሀ» ጀምራ አስኬደች።

«ይ... ብ... ቃ... ኝ።»

ወደ ሲስተር ዞረች። «ይብቃኝ ይላል፣ ሲስተር። እሱ ነው ያለው።»

ሲስተር ልትናገር ስትል «ቆዪ፣ አልጨረሰም» አለቻት፤ ጣቷንም ቀጠለች። እኔም አብሬ አነበብኩ፦ «እጄን ያዢኝ»።

ይህን ጮክ ብላ አላነበበችውም። ገበታውን ለእኔ አቀበለችኝና እጁን ያዘችው።